ለቅርስ ወዳዱ ሕዝባችን የቀረበ ምስጋና

የአዲስ አበባ ሰው ቅርስ አይወድም የሚል ካለ ተሳስቷል። ይወዳል፤ ያውም አንጀቱ እስኪላወስ! ሰዓቱን ጠብቆ ነው እንጂ። ኤክስካቫተሩ ደርሶ የመጀመሪያውን ግድግዳ ሲነካ ፍቅራችን ገንፍሎ ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ያየነው ይህንኑ ነው። ፌስቡኩ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ተጥለቀለቀ፤ «አይ ፒያሳ!»፣ «ልጅነቴ ተቀበረ» ተባለ። ልጅነቱን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ያሳለፈው ሳይቀር አነባ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እያሉ የሚተርቱብን ምቀኞች አሉ። ጅቡ እያለ መጮህ እኮ አድካሚ ነው፤ ማመልከቻ አለው፣ ስብሰባ አለው፣ «ኃላፊው የሉም፣ ነገ ተመለሱ» አለው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከወጣ ሩብ ምዕት ዓመት አልፎታል፤ እኛ ግን እስካሁን ገልጠን አንብበን ሰላማችንን አላደፈረስንም።

ቤቱ በቁሙ ሳለ ያሳየነውን ትዕግሥትስ ማን ይመዝግበው? እነዚያን የህንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸውን፣ በረንዳቸው ሰፋፊ የሆኑትን የድሮ ቤቶች ተመልከቱ። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር እንደ ቀሚስ ጥለት ተፈልፍሎ የተንጠለጠለ ጣውላ አላቸው። አንዱ ጥርሱ ሲረግፍ ዝም አልን። ሌላው ሲረግፍ ዲሽ ተከልንበት። በረንዳውን በቆርቆሮ ከልለን ማድ ቤት አደረግነው፣ ማዕዘኑን ቆርሰን የሞባይል ካርድ መሸጫ አወጣንለት፤ ከዚያ ራቅ ብለን ቆመን «ይሄማ አርጅቷል፣ ለሰውም ያሰጋል» ብለን ፈረድን። (የቀበሌ ቤት ተከራይ አንዲት ቆርቆሮ ለመቀየር ፈቃድ ሲለምን የከረመውን ደጅ ጥናት ለጊዜው እንለፈው፤ ምስጋናውን ያበላሽብናል።)

ጣይቱ ሆቴል ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ እንግዳ ሲቀበል ኖሯል። በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ እሳት ሲነሳበት አገሩ በሙሉ የጣይቱ ደንበኛ ሆኖ አደረ። በዚያች ሌሊት «እዚያ ቡና ጠጥቻለሁ» ያለው ሁሉ እውነት ጠጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ያ የእንጨት ደረጃ ቃጠሎውን ሳይጠብቅ በእግር ብቻ ባለቀ ነበር።

በአንጻሩ የአፍሪካ አዳራሽን ውሰዱ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የጣሊያናዊው አርክቴክት የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ፣ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ያለበት፣ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ተከፈተ። ማን አለቀሰ? ማንም! ቆሞ የታደሰ ሕንፃ ምኑ ያስለቅሳል? ላይክም አያመጣ።

ከሁሉ ይልቅ የታደለው ግን ምድር ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ፤ ከጅቡቲ ጋር 784 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ። ባቡሩ ሲሄድ «ይዘገያል፣ ይንቋቋል» እያልን አማነው። ቆሞ ሲዝግ ግን ለሙሽሮች ፎቶ እንዴት ያለ መድረክ ወጣው! ሚዜው ፉርጎው ደረጃ ላይ፣ ሙሽራዋ ቬሏን ሐዲዱ ላይ ዘርግታ፤ ፎቶ አንሺው ደግሞ «ዝገቱ ይታይ፣ ዝገቱ ነው ውበቱ!» እያለ ይጮሃል።

ድሬዳዋ ያለው የምድር ባቡር ጋራዥ ገና ወረፋ ላይ ነው። መለዋወጫ ሲጠፋ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ብረት እየቀረጹ ባቡሩን ያስኬዱባቸው፣ ዘይት የጠገቡ አሮጌ ቶርኖዎች አሉበት። ቶርኖዎቹን ማን ይጠብቅ፣ የእጅ ሙያውንስ ማን ይማር የሚል ጥያቄ በማንሳት ጊዜ አናባክንም፤ እኛ የራሳችንን ድርሻ አጠናቀናል። ጥቁርና ነጩ ፎቶ ተመርጧል፤ «አይ ድሬ! ነፍስ ይማር» የሚለው ጽሑፍም ተዘጋጅቷል። የቀረን ቀኑን መሙላት ብቻ ነው።