ባሕር ሲዘጋ፣ ጓሳ ሲዘጋ

ማልዲቭስ ደርሶ የተመለሰ አበሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ውሃው ጥራትና ስለ ሆቴሉ ዋጋ ነው። እኔ ባአ በተባለው አቶል ውስጥ በጀልባ ስዞር ከዋልኩ ወዲህ ከልቤ ያልወጣው ግን ሰዓቱ ሲሞላ ሰው ሁሉ ያለ ክርክር ከባሕሩ መውጣቱ ነው።

አቶል ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ እሳተ ገሞራ የወለደው ደሴት ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ዙሪያውን የያዘው ኮራል የተባለ ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጥረት ደግሞ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ያድጋል። በመጨረሻ ደሴቱ ጠፍቶ የኮራሉ ቀለበት ብቻ ይቀራል። ማልዲቭስ እንዲህ ባሉ ቀለበቶች ላይ የተበተኑ ወደ 1,200 የሚጠጉ ትናንሽ ደሴቶች ናት፤ ከፍተኛው የተፈጥሮ መሬቷ ከባሕር ጠለል በላይ ሦስት ሜትር እንኳ አይሞላም። መንዝ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህን ማመን ይከብዳል። ጓሳ የምንለው የኛ የሣር ደጋ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው።

ከደራቫንዱ ደሴት በጠዋት ተነሣን። ጀልባውን የሚነዳውም፣ የሚያስጎበኘውም የዚያው መንደር ልጅ ነው። ማስክ፣ የመተንፈሻ ቱቦ፣ ለእግር የጎማ ክንፍ ታደለን። እኔ ዋና ስለማልችል ላይፍ ጃኬት አጥልቄ በግንባሬ ተንሳፈፍኩ። ከሥሬ ያለውን ዓለም እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ባለ መስመሩ ዓሣ እንደ ገና ገበያ ይተራመሳል፤ የባሕር ኤሊ ማንንም ሳይፈራ ከኮራሉ ላይ ይግጣል። አስጎብኚያችን ከመግባታችን በፊት ደጋግሞ ያስጠነቀቀን አንድ ነገር ነበር፤ ኮራል ድንጋይ ስለሚመስል እንዳትቆሙበት፣ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፣ አንድ እግር የረገጠው ለማገገም ዘመን ይፈልጋል አለን። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2016 ባሕሩ ከልክ በላይ ሞቆ ብዙው ኮራል ነጥቶ ሞቷል። የተረፈውን የሚሳሱለት ለዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሐኒፋሩ ወደተባለው ባሕረ ሰላጤ ሄድን። ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ወቅት የባሕሩ ፍሰት ፕላንክተን የተባሉትን ደቃቅ ፍጥረታት እየገፋ እዚያ ጠባብ ቦታ ያጉራቸዋል፤ እነሱን ሊበላ ማንታ ሬይ የተባለው ባለ ሰፊ ክንፍ ዓሣ በመንጋ ይመጣል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር ገደማ ነው፤ አፉን ከፍቶ በአጠገብህ ሲያልፍ ልብህ ቀጥ ይላል፣ ግን ማንንም አይነካም። ቦታው እ.ኤ.አ. በ2009 ተከለለ፤ በ2011 ባአ አቶል በሙሉ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዘገበ። አየር በጀርባ ተሸክሞ መጥለቅ ክልክል ነው። ያለ አስጎብኚ አይገባም። የተፈቀደው 45 ደቂቃ ነው፤ 45 ደቂቃው ሲያልቅ ከሩቅ አገር ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የመጣው ሁሉ ወደ ጀልባው ተመለሰ።

ይህንን በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ ለአጎቴ ሳጫውታቸው ስለ ዓሣው ብዙም አልገረማቸውም። «ለመሆኑ ልጄ፣ ባሕሩን የሚጠብቀው ማነው? መንግሥት ነው አገሬው?» አሉኝ። ሁለቱም ናቸው አልኳቸው። «እንግዲያ ይቆያል» አሉ።

አጎቴ ይህን የሚናገሩት ከእውቀት ነው። መንዝ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ እስኪያገግም ለዓመታት ይዘጋል፤ ማጨድም፣ ከብት ማስገባትም፣ ማረስም ክልክል ነው፤ ጥበቃው በተራ የአገሬው ሥራ ነው። ሲከፈት ሁሉም አብሮ ያጭዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገሳ፣ ለገመድ። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኙት፣ እስከ ዛሬ እዚያ የቆዩት በዚህ ነው። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀሮ ሲፈርስ ጓሳ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ አገሬው እንደገና ተደራጅቶ አዳነው። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ውጭ አገር ሄጄ በአድናቆት ያየሁትን ሕግ የኔው አያቶች ዩኔስኮ የሚባል ሳይኖር ሠርተውበታል። ይህን ሳስብ ደረቴ ይሞላል።

የምቆጨው በሌላው ነው። ማልዲቭስም ብትሆን ቱሪዝም ከጀመረች ከ1972 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ለረጅም ጊዜ እንግዳው የሚያርፈው በአብዛኛው ሰው በማይኖርባቸው የመዝናኛ ደሴቶች ነበር፤ መንደርተኛው ከሩቅ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሰው በሚኖርባቸው ደሴቶች የእንግዳ ማረፊያ መክፈት ሲፈቀድ ነው ገንዘቡ ወደ ሰው ቤት መግባት የጀመረው። እኔ ያደርኩት እንዲህ ባለ ቤት ነው፤ ቁርሴን ያቀረበችልኝ የቤቱ እመቤት ናት፣ ጀልባው የጎረቤቷ ነው። ጓሳ ላይ ግን ጠባቂው አገሬው ለብርዱና ለዝናቡ ሲወጣ፣ የሚመጣው እንግዳ በጣት የሚቆጠር ነው። ጦርነቱና የመንገዱ ስጋት የሰሜን ሸዋን በር እንደዘጋው አውቃለሁ፤ ማንንም ወደ አደጋ ሂድ አልልም። ሰላም በነበረበት ጊዜም ግን ከውጭ የምንመጣው ልጆች ቢሾፍቱና ሐዋሳ ከርመን ነው የምንመለሰው፤ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በርን ወደ ግራ ታጥፎ መንዝ የሚገባ ጥቂት ነው።

ለዚያ 45 ደቂቃ ሳልሳሳ ከፍያለሁ። መንገዱ ሲከፈት ጓሳ በማኅበረሰቡ ማረፊያ ማደር፣ ከመንደሩ ጠባቂ ጋር ጭላዳዎቹ በጠዋት ገደሉን ሲወጡ መጠበቅ፣ የመንዝ ሸማኔ የሠራውን በርኖስ ሳልከራከር መግዛት እፈልጋለሁ። አጎቴን ከእኔ ጋር ይወጡ እንደሆነ ብትጠይቋቸው፣ መጀመሪያ የሚሉት «ሣሩ ተከፍቷል?» ነው።