ሻንጣዋ ኢንተርኔት አትወልድም

ወንድሜ፣ በሻንጣ ስለምትያዘው ትንሽ የሞባይል ኔትወርክ ስናወራ «ያቺ የሻንጣ ኔትወርክ ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ብትተከል ጎንደር በሙሉ ኢንተርኔት ይጠግባል» ብለሃል። እዚህ ላይ እንኳ ላርምህ።

ሻንጣዋ ውስጥ አንቴናው፣ ጥሪ የሚያገናኘው ኮምፒውተርና ባትሪው አሉ። ስለዚህ የውጭ መስመር ባይኖራትም በአቅራቢያዋ ያሉ ስልኮችን እርስ በርስ ታደዋውላለች (ሲማቸው እሷ ላይ ከተመዘገበ ማለቴ ነው)። በር ላይ የቆመ ልጅ ግርግሩ ውስጥ የጠፋችበትን እናቱን ደውሎ ያገኛል። አሜሪካ ያለችው እህቱ ጋ ግን አይደርስም፣ ኢንተርኔትም አያገኝም! ለዚያ ከውጭ ጋር የሚያገናኝ መስመር፣ ማለትም ፋይበር (የመስታወት ገመድ)፣ ማይክሮዌቭ (ከማማ ወደ ማማ የሚላክ የሬዲዮ መስመር) ወይም ሳተላይት ያስፈልጋል። ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ «ሄሎ» ብለህ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ትጠብቃለህ።

አቅሟም ውስን ነው። የጥምቀት ሕዝብ ሁሉ ቪዲዮ ልላክ ካለ ቀጥ ትላለች።