ይድረስ ለጎረቤታችን ዲናሞ

ለተከበሩ የውሃ መሳቢያ፣ አቶ ዲናሞ
ከግድግዳው ማዶ

ጉዳዩ፦ የፈረቃ ውሃችን እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለጤናዎ እንደምን ነዎት? ሌሊት ሌሊት ድምፅዎን ስለምሰማ ደህና መሆንዎን አውቃለሁ።

ፈረቃችን ሐሙስ ነው። በአዲስ አበባ ወግ ደግሞ ሐሙስ ማለት ሌሊት 9 ሰዓት ማለት ነው። ሰፈሩ ጀሪካኑን ደርድሮ፣ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል። ከዚያ ቡናማ ነገር ይተፋል። ጠራልን ስንል እርስዎ ከማዶ «እምምም» ይላሉ። አለቀ። የኛ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይልና ንፋስ ብቻ ይቀራል። ቆጣሪው በንፋሱም ይዞራል፤ ከእሱ ጋር ሌላ ሒሳብ አለን።

ጉልበትዎን አልካድንም። ግን አንዲት ጠብታ አይጨምሩም። ድሮ ግፊቱ ሲደክም ለሁላችንም እኩል ይደክም ነበር። ዛሬ ቀጥታ መስመሩ ላይ ተገጥመው የሁሉንም ድርሻ ወደ አንድ ሮቶ ይሰበስባሉ። ደግሞ መስመሩ እንዲያ ሲመጠጥ ቧንቧው በተሰነጠቀበት በኩል የውጭውን ፍሳሽ ይስባል። የመጀመሪያው ጠጪ ማን ይመስልዎታል? ጌታዎ ናቸዋ! እኛማ ምን ደርሶን።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሮቶው ከሞላ በኋላ ያለው ነው። ጌታዎ ተኝተዋል። እርስዎ ይስባሉ። ውሃው ጢም ብሎ በግድግዳው ይንዠቀዠቅና ኮብልስቶኑን አጥቦ ቁልቁል ይወርዳል። ታች ቤት ያሉት እማማ ጠዋት መጥረጊያ ይዘው ያንኑ ውሃ ከደጃቸው ይጠርጋሉ። ጠርገው ሲጨርሱ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለው ውሃ ፍለጋ ይወጣሉ። ሮቶው ሲሞላ በራሱ የሚያጠፋዎ ነገር ገበያ ላይ ሞልቷል፤ ጌታዎ ግን እንቅልፋቸውን ይመርጣሉ።

የዘመዶችዎንም ዝና ሰምተናል። ሐሮማያ ሐይቅ ዳር የተተከሉትን ማለቴ ነው። እነሱ ጫቱንና አትክልቱን ሲያጠጡ፣ የሐረር ከተማ ከዚያው ስትጠጣ፣ ደለሉ ከተራራው ሲወርድ፣ በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀ። ዓሣ ይወጣበት የነበረው ቦታ ከብት ጋጠበት። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ሽቅብ ማስመጣት ግድ ሆነባት። ዘመዶችዎ አፍረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ? ኧረ የት! የደረቀው ወለል ላይ ጉድጓድ ተቆፈረላቸውና ቀጠሉ። ሐይቁ ከዓመታት በኋላ ውሃ መልሶ መያዝ ጀምሯል፤ አደራዎን፣ እንዳይነግሯቸው።

እዚህም ቢሆን የገፈርሳና የለገዳዲ ግድቦች አልበቁ ብለው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ እየተሳበ ነው። በዚያ ላይ የራሱን ጥልቅ ጉድጓድ ያስቆፈረ ድርጅት አለ። የመሬት ሥር ውሃ ዝናብ ቀስ በቀስ ያጠራቀመው ነው። ከሚገባው በላይ ከወጣ የሚጎድለው ከልጅ ልጆች ድርሻ ላይ ነው። እነሱ ደግሞ ገና ስላልተወለዱ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተው ግድግዳ አይደበድቡም። ለእርስዎ ዓይነቱ እንዴት ያሉ ተስማሚ ጎረቤቶች መሰልዎት!

ሕግ ይጠቀስ ካሉ፣ አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። የማን ቤት እንደሆነ በስም ስላልጻፈ ነው መሰለኝ፣ ጌታዎ የራሳቸውን አስገብተዋል።

ለማንኛውም አንድ ወሬ ልንገርዎ። ላይኛው ቤት በፈረስ ጉልበት የሚበልጥዎ ገዝቷል። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ዋጋ እያጠያየቀ ነው። ውሃው ያው የድሮው ነው፤ የጨመረው ሳቢው ብቻ። ባዶ መስመር እየሳቡ መሽከርከር ደግሞ እንደሚያቃጥልዎ አይጠፋዎትም። ሰሞኑን ድምፅዎ ሻከር ብሏል።

ከሰላምታ ጋር
ባዶ ጀሪካን የታቀፉት ጎረቤቶችዎ

ግልባጭ፦
ለላይኛው ቤት አዲሱ ዲናሞ፣ ተራው ሲደርስ እንዲያነበው
ለቆጣሪያችን፣ የንፋሱን ሒሳብ እንዲቀንስልን