ጥዱ አርጅቶ አይደለም

ዛሬ የምጽፈው አንጀቴ እያረረ ነው። ረዘመ ብላችሁ አትለፉት፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የምኖረው ጎንደር፣ ከፒያሳ ወደ ታች ሲወረድ ያለ ሰፈር ነው። ከግቢያችን አጥር ውጭ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ዘጠኝ የፈረንጅ ጥዶች ነበሩን። የተከላቸው አባቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና። ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ማታ ማታ በጆግ ውሃ የማጠጣቸው እኔ ነበርኩ። ዛሬ የቀሩት አራት ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ ደግሞ ባንድ ጎናቸው ቡናማ ሆነዋል። አምስቱ የሄዱት በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

ሰው ሁሉ የሚለኝ ያው ነው። "አርጅቶ ነው።" "ውሃ ጠምቶት ነው።" "ከቱቦው የሚወጣው ቆሻሻ ሥሩን አቃጥሎት ነው።" አንዲት ጎረቤታችን፣ እናቴ የምላቸው፣ "ልጄ፣ ዓይን በልቶት ነው" አሉኝ። ከልባቸው ነው፤ አዝነውልኝ ነው። ግን አንድ ሰው እንኳ ጠጋ ብሎ፣ ቅርንጫፉን ገልጦ አላየም።

እኔም ቢሆን ያየሁት ዘግይቼ ነው። የጥምቀት ሰሞን ሰፈሩን ስናስጌጥ ባንዲራ ልሰቅል መሰላል ላይ ወጣሁ። ቅርንጫፉን ያዝ ሳደርግ እጄ ተጣበቀ፤ ማር የፈሰሰበት ይመስላል። ቅርፊቱ ላይ ግራጫና ቡናማ የሆነ ነገር ጥቅጥቅ ብሎ ተደርድሯል። ቅርፊቱ ራሱ ነበር የመሰለኝ። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ሁሉም ባንዴ ተንቀሳቀሰ። ሆዳቸው የተነፋ፣ እግራቸው ቀጫጭን፣ አንዷ የሩዝ ፍሬ እንኳ የማታክል። ጉንዳን በመስመር ይወጣል ይወርዳል፤ ያንን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልስ ነው። ከሥር ያለው ቅጠል ደግሞ ጥቀርሻ የተቀባ መስሎ ጠቁሯል።

የጥድ ክሽክሽ ነው። ጎመን ላይ የምናውቀው የክሽክሽ ዘመድ። የአገራችን ነፍሳት አይደለም፤ መጤ ነው። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው ማላዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1986። ከዚያ ታንዛኒያን፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳን አዳርሶ እኛ ጋ ደረሰ። ቅርንጫፉን ወግቶ የዛፉን ፈሳሽ ይመጥጣል፤ ሲመጥጥ ምራቁን ያስገባል፤ ምራቁ ለጥድ መርዝ ነው። ጥዱ ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ ቡናማ እየሆነ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ከሩቅ ሲታይ እሳት የለበለበው ይመስላል። እንደኛ ባለ አገር ሴቷ ወንድ አትፈልግም፤ ብቻዋን ነፍስ ያላቸው ልጆች ትወልዳለች። ልጆቿም እንደዚያው። አሥር የነበሩት ባንድ ወር ምን ያህል እንደሚሆኑ አስቡት።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ዝም አላልኩም። ቅርንጫፉን ቆርጬ፣ በፌስታል አስሬ፣ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። "የመንገድ ዳር ዛፍ የኛ ሥራ አይደለም" አሉኝና ወደ ሌላ ላኩኝ። ሁለተኛው ጋ "ተባይ ከሆነማ እዚያ ማዶ ነው" ተባልኩ። ሦስተኛው ጋ ያለው ልጅ ጨዋ ነው፤ አስቀምጦ አዳመጠኝ። "ወንድሜ፣ እኛ የምንከታተለው የሰብል ተባይ ነው፤ ለዛፍ የተመደበ ባለሙያ የለንም" አለኝ። ፌስታሉን ፈቶ እንኳ አላየውም። አራተኛው ቦታ ምን አሉኝ? "ደርቆ ከሆነ ማመልከቻ ጻፍ፣ መቁረጫ ፈቃድ እንሰጥሃለን።"

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ለመቁረጥ ፈቃድ በሦስት ቀን ይገኛል። መጥቶ ለማየት ግን ሰው የለም። አራት ቢሮ ዞሬ አንድ ሰው "እስኪ ልየው" አላለኝም።

ከቆረጡት በኋላ የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ቆራጮቹ ግንዱን ጫኑ። ቅርንጫፉን፣ ያ ሁሉ ክሽክሽ እንደተጣበቀበት፣ በጋሪ ጭነው ለማገዶ ሊሸጡት ወሰዱት። "ተዉ፣ እዚሁ እናቃጥለው" ብዬ ለመንኳቸው። "ዋጋውን ትከፍላለህ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እንጀራቸው ነው። ኪሴ ባዶ ስለነበር ጋሪው ሲሄድ ቆሜ አየሁት። ገና ሲደርስ ደግሞ የጥድ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ በየመንገዱ ለገና ዛፍ ይሸጣል። ለሠርግ ዳስ ማስጌጫም ይሆናል። ተባዩ ደረቅና ቀዝቃዛው ወቅት ስለሚመቸው፣ በደንብ በረባበት ሰዓት እኛው ራሳችን ከሰፈር ሰፈር እናዞረዋለን። ክንፍ ባይኖረው እንኳ ከኛ ጋር ባጃጅ ተሳፍሮ አዘዞ ይገባል።

መርዝ እርጭ የሚለኝም አለ። አንድ ልጅ በጀርባ መርጫ ፓምፕ ይዞ መጣ። መድኃኒቱ ያለበት ጠርሙስ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም፤ የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ምን እንደሆነ ስጠይቀው "ሁሉንም ይገድላል" አለኝ። ከጎን ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ጎረቤት ቀፎ አለው። መለስኩት። ሁሉንም የሚገድል ነገር ክሽክሹን የምትበላዋን ቀይዋን ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ጢንዚዛም ይገድላል። ከዚያ ክሽክሹ ጠላት አጥቶ እንደገና ይፈላል። ማላዊዎች የሄዱበት መንገድ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 እንቁላሏን ክሽክሹ ሆድ ውስጥ የምትጥል ትንሽ ተርብ ከአውሮፓ አስመጥተው ለቀቁበት። ልጇ ክሽክሹን ከውስጥ በልታ ትጨርሰዋለች። ይህ እንግዲህ በኔ አቅም የሚሆን አይደለም። የመንግሥት ሥራ ነው፣ የተመራማሪ ሥራ ነው።

የአሜሪካ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 በቆሎ ላይ ሲወጣ አገር ምድሩ ተነሥቶ ነበር። ገበሬው ከነልጆቹ በእጁ እየለቀመ ገደለው። ዛፍ ሲሆን ግን ማን ይነሣል? የማንጎውን ነጭ ተባይ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ አንድ እርሻ ላይ ታየ። ዛሬ ስንት ቦታ ደርሷል! ከቦታ ቦታ የሚያጓጉዘው ችግኝ ነው። ችግኝ ስንገዛ ቁመቱንና ዋጋውን እንጂ የቅጠሉን ጀርባ አንገለብጥም። እኔም አልገለበጥኩም ነበር። ባለፈው ክረምት ከመንገድ ዳር የገዛሁት የሎሚ ችግኝ ዛሬ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ለብሷል። ጓሮ ያለውን ትልቁን ሎሚ እንዳይነካብኝ ችግኙን ነቅዬ አቃጠልኩት።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. አገሩ ሁሉ ችግኝ ሊተክል ሲወጣ እኔም ወጥቼ ነበር። ባንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተባለ። ደስ ብሎኝ ነው የተከልኩት፣ ዛሬም እተክላለሁ። ግን የተተከለው ይቆጠራል፤ የቆመው ዛፍ ሲሞት የሚቆጥረው የለም። ሠላሳ ዓመት ያደገ ዛፍ በሁለት ዓመት ሲደርቅ ማንም መዝገብ ላይ አያሰፍረውም።

እንቅልፍ የሚነሣኝ የኔ ዘጠኝ ጥዶች ብቻ ቢሆኑ ደግ ነበር። ይህ ተባይ የሀበሻውንም ጥድ አይምርም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ከአጥሩ ውስጥ ስትገቡ ከተማው ጸጥ ይላል፤ ጥላው ይቀበላችኋል። እዚያ ጥድ ሥር ነው ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ነጠላ አንጥፈን የምንቀመጠው። ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ደግሞ የዛፎቹ ሥር የፋሲል መዋኛን ግንብ እንደ እጅ አቅፎ ይዞታል። ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ፎቶ የሚነሣው እዚያ ሥር ነው። የዛፍ ተባይ የሚከታተል አንድ ባለሙያ በሌለበት ከተማ ነገ እነዚህ ላይ ምን እንደሚወጣባቸው ማን ቀድሞ ያያል? ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነበር።

እባካችሁ የጎንደር ልጆች፣ ጥድ ያላችሁ ዛሬ ውጡና ቅርንጫፉን ገልጣችሁ እዩ። እጃችሁ ላይ ከተጣበቀ፣ ጉንዳን ከበዛ፣ ከውስጥ ቡናማ ከጀመረ፣ እሱ ነው። የተያዘውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ እዚያው አቃጥሉት፤ ለማንም አትስጡ፣ አትሽጡ። ለገና ጥድ አትቁረጡ። እኛ ጎን ለጎን ያለን ቤቶች ደግሞ አብረን ማመልከቻ እንጻፍ። አንድ ሰው ሲሄድ አይሰሙም፤ ሃያ ሆነን ብንሄድ ይወጡ ይሆናል።

እኔ የቀሩትን አራቱን በየማለዳው የሳሙና ውሃ እረጫቸዋለሁ። ከታች ያሉት ቅርንጫፎች ላይ ክሽክሹ ቀንሷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ላይኛው ግን አልደርስበትም፤ የኔ መሰላል አጭር ነው። ሁለቱ ገና አረንጓዴ ናቸው። ረጅም መሰላል ያለው ሰው ካለ፣ ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ፣ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።