ለክቡር የዳታቤዝ ድራይቨር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ኦዲቢሲ ድራይቨር
የፕሮግራምና የዳታቤዝ አስተርጓሚ ሶፍትዌር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ «እቀበላለሁ» ያሉትን ስለ መካድዎ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ስምዎን ስናነሳ እንውላለን፤ እንዴት አድርገን እንደምናነሳው አይጠይቁ እንጂ።

ሰኞ ለማኔጅመንቱ ሪፖርት ከማሳየቴ በፊት እንደ ደንቡ አስቀድሜ ጠየቅሁዎ። ኤስኪውኤል ጌት ታይፕ ኢንፎ የሚባለውን ትእዛዝ ጠርቼ፣ «ሁሉንም» ለማለት 0 ሰጥቼ፣ የሚቀበሏቸውን የዳታ ዓይነቶች እንዲዘረዝሩልኝ ለመንኩ። ዘረዘሩ! ከነመለያ ቁጥሩ፣ ከነመጠኑ፣ ባዶ መተው ይፈቀድ እንደሆነ፣ ጽሑፉ በምን ምልክት ተከፍቶ በምን እንደሚዘጋ ሳይቀር። መለያ ቁጥር -9 ነበረችበት፤ ዩኒኮድን፣ ማለትም የዓለምን ፊደላት በአንድነት የያዘውን የኮምፒውተር መዝገብ፣ የሚያሳልፈው የጽሑፍ ዓይነት፣ ደብሊው ቫርቻር። አምኜ የተበዳሪዎቹን ስም በእሱ በኩል አስገባሁ።

ፕሮጀክተሩ በራ። «አቶ ??? ????»። ከሥሩ «ወ/ሮ ??? ?????»። እስከ ገጹ ግርጌ እንዲሁ። ደግሞ ሲጠነቀቁ! ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ አንድ ጥያቄ ምልክት፣ ሳያጓድሉ። አበበም፣ ከበደም፣ ጫልቱም «???» ተብለው አንድ ሰው ሆኑ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ብሩን የወሰዱት እነዚህ ናቸው?» አሉ። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ አጀንዳዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ትንፈቀፈቃለች። እኔ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፤ ምን ላድርግ?

ቆይ ግን፣ አንተ! የማትችል ከሆነ «አልችልም» ማለት ምን ገደደህ? ኤችዋይሲ00 የሚባል፣ «ይህ አገልግሎት የለም» የምትልበት ኮድ እኮ አለህ፤ በማይረባው ሁሉ ስትወረውረው ትውል የለ? ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እኮ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የሰው ስም በልተህ «ተሳክቷል» አልክ! ስሕተት ብታሳይ ያኔውኑ ባቆምኩት። አንዴ ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ስም ተመልሶ ፊደል አይሆንም፤ ይኸው ከወረቀት ፋይል ላይ እንደ አዲስ እየተለቀመ ነው። አንተ ግን አሁንም ብትጠየቅ ያችኑ ዝርዝር ታወጣለህ፣ -9ን ጨምረህ።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ዴት የሚባለውንም የቀን ዓይነት እንደሚቀበሉ ነግረውናል። በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚቆጥሩ ግን ጥቅምት 30 በቁጥር «30/2» ተብሎ ሲቀርብልዎ ቀኑ የለም ይላሉ፤ በዚያ ቀን የተወለደ ሰው እርስዎ ዘንድ ገና አልተወለደም። ጳጉሜንንማ ተዉት።

የ32 ቢቱ ማዋቀሪያዎ በዊንዶውስ ሲስዋው64 ፎልደር ውስጥ፣ የ64 ቢቱ ደግሞ ሲስተም32 ውስጥ መኖራቸው፣ የሁለቱም የፋይል ስም አንድ መሆኑ የቤተሰብ ጉዳይ ነውና አልገባበትም።

ስለሆነም በዝርዝርዎ ላይ ከ-9 አጠገብ «ሲስተም ካለ» የሚል ማሳሰቢያ እንዲጨመርልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለ64 ቢቱ ወንድምዎ
ሲስተም32 ፎልደር