ኦሪት ሌላ፣ የአይሁድ እምነት ሌላ

ስለ ፍርድ ወይም ስለ በቀል ክርክር በተነሣ ቁጥር «ዓይን ስለ ዓይን» የምትለዋን ጥቅስ የሚመዝ ሰው አይጠፋም። ሌላው ቀበል አድርጎ «እሱ ኦሪት ነው፤ የአይሁድ ሕግ ነው» ይልና ነገሩን ይዘጋዋል። አይሁድ ራሳቸው ጥቅሷን እንዴት እንደተረጎሟት የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና፣ ማለት የአይሁድ ሊቃውንት የቃል ሕግ ስብስብ፣ ሰውን ያቆሰለ ሰው አምስት ዓይነት ካሳ ይክፈል ይላል፦ ለጉዳቱ፣ ለሕመሙ፣ ለሕክምናው፣ ተጎጂው ሥራ ለፈታበት ጊዜና ለደረሰበት ውርደት። ኋላ በታልሙድ፣ ማለት በሚሽና ላይ በተመሠረተው የሊቃውንት መጽሐፍ፣ የተሰበሰበው ክርክር ደግሞ ይብሳል። ዓይነ ስውር የሰው ዓይን ቢያጠፋስ ምኑን ልታጠፉበት ነው? ብሎ ይጠይቃል። የክርክሩ መቋጫ ቃሉ የሚናገረው ስለ ገንዘብ ካሳ ነው የሚል ሆነ።

ይህን ያስቀደምኩት አለምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችን የአይሁድ እምነት ሲባል የሚታየን ብሉይ ኪዳን ነው፤ ሐዲሱን አልቀበልም ብሎ ባለበት የቀረ ሃይማኖት። እኔ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው ባይ ነኝ።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፣ ታቦት በመቅደሳችን አለ፣ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት ቅዳሜ ከእሑድ ጋር እንዲከበር ተወስኗል። «ኦሪት» የሚለው ቃል እንኳ ኦራይታ ከሚለው የአረማይክ ቃል የመጣ ነው፤ ሕግ፣ ትምህርት ማለት ነው። ቤታችን ውስጥ ያለን ነገር የምናውቀው ይመስለናል።

መነሻውን ሁላችን ከልጅነት ጀምሮ ሰምተነዋል። አብርሃም ከዑር ወጥቶ በካራን በኩል ከነዓን ገባ፤ ልጆቹ ግብፅ ወረዱ፤ ሙሴ አወጣቸው፤ በሲና ሕግ ተቀበሉ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ «እስራኤል» የሚለው ስም ተጽፎ የተገኘበት ጥንታዊው ማስረጃ የግብፁ ፈርዖን መርነፕታህ በ1208 ቅ.ል.ክ. ገደማ ያስቀረጸው ሐውልት ነው። ፈርዖኑ ዘራቸውን እንዳጠፋ ይፎክርበታል። ፉከራው ሐሰት ቢሆንም ስማቸውን ያቆየላቸው እሱ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የጠራ የአንድ አምላክ እምነት የነገሠበት አልነበረም። የነገሥታትን መጻሕፍት ያነበበ ያውቀዋል፤ ነቢያቱ በኣልንና የኮረብታ መስገጃዎችን ሲያወግዙ ነው ዕድሜያቸው ያለቀው። ሰማርያ በ722 ቅ.ል.ክ. በአሦር እጅ ወደቀች። የቀረችው ትንሿ ይሁዳ ነበረች፤ አይሁድ የሚለው ስም የመጣውም ከእሷ ነው። በ622 ቅ.ል.ክ. ገደማ ንጉሡ ኢዮስያስ በቤተ መቅደስ የሕግ መጽሐፍ ተገኘ ተብሎ ሲነበብለት ልብሱን ቀደደ። ብዙ ሊቃውንት ያ መጽሐፍ ከዘዳግም ጋር የተያያዘ ነው ይላሉ። እንግዲህ ሕጉ ለንጉሡ እንኳ አዲስ ሆኖበት ነበር ማለት ነው።

በ586 ቅ.ል.ክ. ባቢሎን ኢየሩሳሌምን አፈረሰች። በዚያ ዘመን ደንብ የተሸነፈ ሕዝብ አምላኩም ተሸንፏል። ቤቱ የተቃጠለበት አምላክ ይረሳል፤ ሕዝቡም ከአሸናፊው ጋር ይቀላቀላል። ይሁዳ ግን አልተቀላቀለችም። ኤርምያስ ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ለተማረካችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ አላቸው። ከአገሩና ከመቅደሱ ውጭም የሚመለክ አምላክ አለ የሚለው አሳብ ሥር የሰደደው በዚህ ስደት ነው። የፋርሱ ቂሮስ በ538 ቅ.ል.ክ. ሲፈቅድላቸው ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ዕዝራም መጣና በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ ላይ ሕጉን ከማለዳ እስከ ቀትር አነበበ። ወንድ ሴት ሳይለይ ሁሉ ሰማ፤ ሌዋውያኑ ትርጓሜውን አስረዱ። ልብ በሉ፤ መጽሐፉ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ አደባባይ ላይ ቆመ።

ሁለተኛው መቅደስ በ70 ዓ.ም. በሮማዊው ቲቶ ጦር ሲቃጠል መሥዋዕቱ አብሮ ቆመ። ረቢ ዮሐናን ቤን ዘካይ ከተከበበችው ኢየሩሳሌም በሬሳ ሣጥን ተደብቆ ወጣና ከሮማው አዛዥ ያቭኔ የምትባለውን ትንሽ ከተማና ሊቃውንቷን ለመነ ተብሎ ይተረካል። ቤተ መቅደሱን አለመለመኑ እስከ ዛሬ ያነጋግራል። ስለዚሁ ሰው የሚወራ ሌላም አለ። ደቀ መዝሙሩ ፍርስራሹን አይቶ «ኃጢአታችን የሚሰረይበት ቦታ ጠፋ» ብሎ ሲያለቅስ፣ ሌላ ማስተሰረያ አለን፣ እሱም ቸርነት ማድረግ ነው አለው፤ ሆሴዕንም ጠቀሰለት።

ከዚያ በኋላ ጸሎት በመሥዋዕቱ ቦታ ገባ፤ የቤት ማዕድም እንደ መሠዊያ ተቆጠረ። ሊቃውንቱ የሚከራከሩበት ቃል በመጀመሪያ በሚሽና፣ ቀጥሎ በኢየሩሳሌሙና በባቢሎኑ ታልሙድ ተጻፈ። በአብነት ትምህርት ቤት አንድምታ የሰማ ሰው ታልሙድ አይከብደውም። «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ» እየተባለ የተሸናፊው ቃል ሳይጣል ይቀመጣል። እኔ በጣም የምወደው የምድጃው ክርክር ነው። ረቢ ኤሊዔዘር ስለ አንድ ምድጃ ንጽሕና ብቻውን ተለይቶ ይከራከራል። እውነቱ ከእኔ ጋር ከሆነ ዛፉ ይመስክር ሲል ዛፉ ተነቅሎ ሄደ፤ ውኃው ሲል ውኃው ወደ ኋላ ፈሰሰ። በመጨረሻ ድምፅ ከሰማይ መጥቶ እሱ ልክ ነው አለ። ረቢ ኢያሱ ግን ብድግ ብሎ ከዘዳግም «በሰማይ አይደለም» የሚለውን ጠቀሰ። ሕጉ ተሰጥቶናል፤ ከእንግዲህ በድምፅ ብልጫ ነው የምንፈርደው ማለቱ ነው። እግዚአብሔርም ልጆቼ አሸነፉኝ ብሎ ሳቀ ይላል ታልሙድ። ይህን ጽፎ ያቆየ ሃይማኖት ባለበት የቀረ ነው ብሎ መናገር ይከብዳል።

እምነቱን በአንድ ቃል ንገረን ለሚል «እስራኤል ሆይ፥ ስማ፤ አምላካችን እግዚአብሔር አንድ እግዚአብሔር ነው» የሚለው በቂ ነው፤ አማኙ ጧትና ማታ ይለዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ከእምነት አንቀጽ ይልቅ በሥራ የሚገለጥ ነው፦ ሰንበት፣ ምግብ፣ ምጽዋት፣ ትምህርት፤ በትውፊት የሚቆጠሩት ትእዛዛት 613 ናቸው። ሙሴ ማይሞኒደስ 13ቱን የእምነት መሠረቶች የዘረዘረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ያኔም ሁሉም አልተስማማለትም። ትንሣኤ ሙታንን እንኳ ሰዱቃውያን አይቀበሉም ነበር። ያጸኑት ፈሪሳውያን ናቸው፤ እኛ ስማቸውን ለግብዝ ስድብ ያደረግነው።

«የተመረጠ ሕዝብ» የሚለውም ብዙ ጊዜ ይጣመማል። ምርጫው ግዴታ የሚያሸክም ኪዳን ነው። በዚህ መመካት ሲጀምሩ አሞጽ «እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» የሚለውን የአምላክ ቃል አመጣባቸው። እኛ ለኩራት የምንጠቅሳት ጥቅስ መጀመሪያ የተነገረችው የእነሱን ኩራት ለማብረድ ነበር።

በኦሪትና በአይሁድ እምነት መካከል ያለውን ልዩነት ከማንም በላይ በሥጋቸው ያዩት የእኛው ቤተ እስራኤል ናቸው። ጎንደርና ትግራይ ውስጥ ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ፣ ሰንበትን በጥብቅ እየጠበቁ፣ የፋሲካ በግ እየሠዉ ኖሩ። ታልሙድ አልደረሳቸውም፤ ሐኑካ የሚባለውን የመቅደስ መታደስ በዓል አያውቁም። በ1973 እ.ኤ.አ. በእስራኤል የሴፋርዲም (መነሻቸው ከስፔንና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሆነ አይሁድ) ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች እስራኤል ሲገቡ ግን የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ለማግባት እንደ አዲስ ገቢ በውኃ የመጥለቅ ሥርዓት ይፈጽሙ አለ። በኦሪት ምክንያት በአገራቸው የተናቁ ሰዎች ኦሪት አልበቃቸውም ተባሉ። በዚያው ዓመት ኢየሩሳሌም በጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። የረቢዎቹ አሳብ በራሳቸው ሕግ መንገድ እንደሚሄድ ባውቅም፣ ከያቭኔ ሊቃውንት በኋላ የመጣውን መመዘኛ ያቭኔን ላላወቀ ሰው እንደ ፈተና ማቅረብ ፍትሕ አይመስለኝም።

የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ በ2008 እ.ኤ.አ. በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኖ በሕግ ታወቀ። ከማስተሰረያ ቀን 50 ቀን ቆጥረው፣ የቤተ መቅደሱ ተራራ በሚታይበት የኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ነጭ ለብሰው ይሰበሰባሉ። ቄሶቹ በጃንጥላ ጥላ ሥር ሆነው በግእዝ ያነባሉ፤ ከሚነበቡት መካከል ዕዝራና ነህምያ አሉበት፣ የዚያ የውኃው በር አደባባይ ንባብ። ታልሙድ የተማሩት የልጅ ልጆቻቸው ግእዙን ባይሰሙትም አብረው ቆመው ይጾማሉ።