የልጄ ጀግና እና የእህቴ ልጅ ጀግኖች

ልጄ ባለፈው ሃሎዊን ወንደር ውማን የተባለችውን የኮሚክ (የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ጀግና ሆና ወጣች። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በኦክቶበር መጨረሻ ልጆች የሚወዱትን ጀግና ልብስ ለብሰው በየጎረቤቱ እያንኳኩ ከረሜላ ይሰበስባሉ። የኔዋ ቀይ ቦቲ፣ ወርቃማ አክሊል፣ ወገቧ ላይ ደግሞ ገመድ። ከሁሉም የወደደችው ገመዱን ነው። በታሪኩ፣ በዚያ ገመድ የታሰረ ሰው መዋሸት አይችልም። "እማዬ፣ ነይ ልሰርሽ" እያለች ስታሳድደኝ ሰነበተች።

የወንደር ውማን ፈጣሪ ዊልያም ማርስተን የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። የሰውን ውሸት በደም ግፊት ለመለየት ሲመራመር የኖረ ነው። ጀግናዋ የወጣችው በፈረንጆቹ 1941 ነው። የራሷን ትልቅ የሲኒማ ፊልም ያገኘችው ግን በ2017። 76 ዓመት! እስከዚያ ሱፐርማንና ባትማን ስንቴ ተሠሩ? ስቶርም የምትባል የኮሚክ ጀግናም አለች፤ በ1975 የመጣች፣ እናቷ ኬንያዊት የሆነች፣ ነጎድጓድና ዝናብ የምታዝ ጥቁር ሴት። በኤክስ ሜን ፊልሞች ውስጥ አየናት እንጂ በስሟ የተሠራ ፊልም የላትም። ይሄ ያናድደኛል። በ2018 ብላክ ፓንተር ፊልም ላይ የንጉሡ ሴት ጠባቂዎች አለቃ ኦኮዬ ጦሯን ይዛ ስትቆም እንባዬ የመጣው በከንቱ አልነበረም።

ክረምት ላይ አዲስ አበባ ገባን። የእህቴ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ለልጄ "ጥበብ ገርልስ" የሚባለውን የካርቱን ታሪክ አሳየቻት። የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም "ፀሐይ መማር ትወዳለች"ን የሠራችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ናት ያመጣችው። ሦስት ልጃገረዶች ናቸው፤ ልዩ ኃይል አላቸው። ጠላታቸው ግን ከሌላ ፕላኔት አልመጣም። ያለዕድሜ ጋብቻ ነው። ሴት ልጅ በወር አበባዋ እንድታፍር የሚያደርጋት ዝምታ ነው። እዚያው ጓዳችን ውስጥ ያለ ነገር።

ልጆቹ ሲያወሩ እኛ ቡና ላይ ነበርን። የእህቴ ልጅ ስለ ወር አበባ እንደ ማንኛውም ነገር ታስረዳታለች። ድምጿን እንኳን ዝቅ አላደረገችም። እህቴ ዓይኗን ጀበናው ላይ ተከለች። እኔም እንደሷ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ዩኒፎርሜ ላይ ደም ታየ። ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ፣ በግድግዳ ጥግ ጥግ እያልኩ ቤቴ ገባሁ። ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ለእናቴ ሆዴን አመመኝ አልኳት። የገባት ይመስለኛል። ግን ምንም አልተባባልንም።

አሜሪካ ብሩም ስክሪኑም ሞልቷል። የሴት ጀግናዋ ፊልም ካፒቴን ማርቭል በ2019 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ሕንፃ የምታነሳ ሴት ማየት ለልጄ ጥሩ ነው፤ አልከለክላትም። ያኔ ስምንተኛ ክፍል ለነበርኩት ለኔ ግን ሕንፃ የምታነሳ አላስፈለገችኝም። በአማርኛ "ይሄ ነውር አይደለም" የምትለኝ ነበር የምፈልገው። ሰፈራችን ያለው ቤተ መጻሕፍት የሴት ጀግኖች ኮሚክ በመደርደሪያ ሙሉ አለው፤ በአማርኛ አንድም የለም። ቢኖር ኖሮ እኔው ለልጄ አነብላት ነበር።

ማታ ልጄ የልብስ ማስጫ ገመድ ይዛ መጣች። እኔንና እህቴን ሶፋው ላይ አንድ ላይ አሰረችን።

"አሁን እውነቱን ተናገሩ። እናንተስ ልጅ እያላችሁ?"

ከእህቴ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ነው ያደግነው። ቀድማኝ መናገር ጀመረች። የሷን ታሪክ የሰማሁት ያን ማታ ነው።